ከጣት ጫፍ እስከ ነርሷ ጠረጴዛ፦ በአረጋውያን መጦሪያ የገመድ አልባ ዳሳሾች ክትትል የሚላላበት ቦታ

አኅጽሮተ ጥናት

በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ሕሙማንን በገመድ አልባ ዳሳሾች (ሴንሰሮች) ስለ መከታተል የሚደረገው ምርምር ሃያ ዓመት ያህል አስቆጥሯል። በዘርፉ የሚቀርቡ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች፣ ይህ አቅራቢ ያነበባቸው ቢያንስ፣ ዋና ትኩረታቸውን ለሬዲዮው መረብ ማለትም ለመልእክት መንገድ መረጣና ለባትሪ ቁጠባ ይሰጣሉ። ይህ ጽሑፍ በእውነተኛ ሕሙማንና አረጋውያን ላይ የተካሄዱ ጥቂት ሙከራዎችን መሠረት አድርጎ፣ የሥርዓቱ ደካማ ቦታ ሬዲዮው ሳይሆን ዳሳሹ ገላን የሚነካበትና ማስጠንቀቂያው ተንከባካቢን የሚያገኝበት ቦታ መሆኑን ይከራከራል። ከዚህም በመነሣት ጥናቶቻችን ሊለኩት የሚገባውን ነገር ይጠቁማል፤ በሀገራችን ሁኔታ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮችንም ያነሣል።

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመመረቂያ ርእሱን ከመምረጡ በፊት በአንድ መጦሪያ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት በበጎ ፈቃድ አገልግሏል። ቀን ቀን መጦሪያው ብዙ ዓይን ነበረው። ጠያቂ ይመጣል፣ ምግብ አቅራቢ ይመላለሳል፣ የአልጋ ጎረቤት ያያል። ሌሊት ግን ረጅሙን አዳራሽ የሚጠብቁት ሁለት ተንከባካቢዎች ብቻ ነበሩ። ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ያንዱን ብርድ ልብስ ያስተካክላሉ፣ የሌላውን ጎን ይገለብጣሉ፤ በጣም የደከመ ሰው ዘንድ ሲደርሱ መዳፋቸውን ወደ አፍንጫው አስጠግተው ትንፋሹን ያዳምጣሉ። አንድ ዙር አልቆ ሌላው እስኪጀመር ድረስ በመካከሉ የሚሆነውን ማንም አያይም። የገመድ አልባ ክትትል ዓላማ ይህን በዙርና በዙር መካከል ያለ ጨለማ መሙላት ነው።

ለአንጋፋዋ ተንከባካቢ ሐሳቤን ባስረዳኋቸው ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰምተው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከጣታቸው የወለቀ እንደሆነ ለእኔ ማን ይነግረኛል?» በወቅቱ ጥያቄው ከቴክኖሎጂው ጋር ካለመተዋወቅ የመጣ መስሎኝ ነበር። ጽሑፎቹን ማንበብ ስጀምር ግን ዘርፉ ለዓመታት ሲታገለው የቆየው ጥያቄ ይኸው ሆኖ አገኘሁት።

2. የተፈታው ችግር

ሥርዓቱ በአጭሩ ሦስት ክፍል አለው። በሕሙሙ ገላ ላይ ወይም በአልጋው ላይ ያለ ዳሳሽ የልብ ምትን፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን፣ እንቅስቃሴን ወይም የሙቀት መጠንን ይለካል። ልኬቱን በሬዲዮ ተቀብለው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ አቀባባይ ጣቢያዎች በኮሪደሩና በክፍሎቹ ግድግዳ ላይ ይሰካሉ። በመጨረሻም አንድ ኮምፒውተር መረጃውን አከማችቶ ለነርሷ ያሳያል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው «ኮድብሉ» እና ከሁለት ዓመት በኋላ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የቀረበው «አላርምኔት» ለዚህ አሠራር ቀደምት ምሳሌዎች ናቸው። የመጀመሪያው የድንገተኛ ሕክምናን፣ ሁለተኛው አረጋውያን የሚኖሩባቸውን ቤቶች ታሳቢ ያደረገ ነበር።

ሬዲዮው በአብዛኛው የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የአይ ትሪፕል ኢ 802.15.4 መስፈርት ነው። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ኪሎቢት ሲሆን አንድ የመልእክት ጥቅል ከ127 ባይት አይበልጥም። ይህ ከዛሬ ስልኮች አንጻር ኢምንት ቢመስልም ለሥራው ይበቃል። የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን በጥቂት ባይቶች ይጻፋሉ፤ ከፍ ያለ መረጃ የሚጠይቀው የልብ ኤሌክትሪክ ምልክት እንኳ በሰከንድ 250 ጊዜ በ12 ቢት ቢለካ ለአንድ መሥመር 3 ኪሎቢት ብቻ ይሆናል። ከዋይፋይ ጋር የሚፈጠረው የሞገድ ግጭትም መላ አለው። በሕንጻው ውስጥ ያለው ዋይፋይ 1ኛውን፣ 6ኛውንና 11ኛውን መሥመር የሚጠቀም ከሆነ፣ ከ802.15.4 አሥራ ስድስት መሥመሮች መካከል 25ኛውና 26ኛው በአንጻራዊነት ነጻ ሆነው ይቀራሉ።

ኃይልን በሚመለከት ስሌቱ ቀላል ነው። በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚታወቀው «ቴሎስ-ቢ» የተባለው መሣሪያ የሚጠቀመው የሬዲዮ ቺፕ ሲያዳምጥ 18.8 ሚሊአምፔር ይወስዳል። 2500 ሚሊአምፔር-ሰዓት በሚይዙ ሁለት ባትሪ ድንጋዮች ሬዲዮው ሳይጠፋ ቢቆይ 133 ሰዓት፣ ማለትም አምስት ቀን ተኩል ይሠራል። ሬዲዮው ከጊዜው 1 በመቶውን ብቻ ነቅቶ በቀረው ቢተኛ ግን አማካይ ፍጆታው ወደ 0.19 ሚሊአምፔር ይወርድና ባትሪው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይቆያል፤ ዳሳሹ ራሱ የሚፈጀው በዚህ ስሌት አልተካተተም። ይህን የእንቅልፍ ሥርዓት የሚያስተዳድሩ ፕሮቶኮሎች ከበቂ በላይ ተጽፈዋል። በሲሙሌሽን ላይ አንድ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አቅርቦ ከቀዳሚው በጥቂት በመቶ መሻሉን ማሳየት እስከ ዛሬ ዲግሪ ያሰጣል፤ ለሌሊት ተረኛዋ ተንከባካቢ የሚጨምርላት ነገር ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህን የምለው በቁጥር ላይ ተመሥርቼ መሆኑን ቀጣዩ ክፍል ያሳያል።

3. በሴንት ሉዊስ የተገኘው ልዩነት

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ሊነበብ የሚገባው ነው። ጥናቱ የተካሄደው በመጦሪያ ሳይሆን በሆስፒታል፣ ጽኑ ክትትል በማያስፈልጋቸው የልብ ሕሙማን ክፍል ነው። ሆኖም እነዚህ ሕሙማን በጽኑ ሕሙማን ክፍል እንዳሉት በገመድ ከአልጋቸው ጋር ያልታሰሩ፣ ከአልጋ የሚወርዱ፣ መጸዳጃ ቤት የሚሄዱና ነርስ በየተወሰነ ሰዓት ብቻ የምትለካቸው በመሆናቸው ሁኔታቸው ከመጦሪያ ነዋሪ ጋር ይቀራረባል። በሰባት ወር ውስጥ 41 ሕሙማን የልብ ምትና የደም ኦክስጅን መጠን የሚለካ ፐልስ ኦክሲሜትር ታስሮላቸው ክትትል ተደረገላቸው።

ውጤቱ ለሁለት ተከፍሎ ቀረበ። የመጀመሪያው የመረቡ አስተማማኝነት ነው፤ ማለትም ከሕሙሙ መሣሪያ ከተላኩት መልእክቶች ስንቶቹ ወደ ኮምፒውተሩ ደረሱ የሚለው። መካከለኛው ዋጋ (ሚዲያን) 99.68 በመቶ ሲሆን ዝቅተኛው እንኳ 95.21 በመቶ ነበር። ሁለተኛው የልኬቱ አስተማማኝነት ነው፤ ማለትም ዳሳሹ ከወሰዳቸው ንባቦች ስንቶቹ ተቀባይነት ያላቸው ነበሩ የሚለው። እዚህ ላይ መካከለኛው ዋጋ 80.85 በመቶ ነው። በሕሙማኑ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ እጅግ ሰፊ ነበር፤ ከፍተኛው 97.69 በመቶ፣ ዝቅተኛው 0.46 በመቶ።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ አንድ ቀን እንመልሳቸው። በየ30 ሰከንዱ አንድ ልኬት ቢወሰድ በቀን 2880 ልኬት ይኖራል። በመካከለኛዎቹ ዋጋዎች ብንሄድ ሬዲዮው ከእነዚህ ዘጠኝ ያህሉን ይጥላል። ዳሳሹ ግን ከ550 በላይ የሚሆኑትን ያበላሻል። ሁለቱ ኪሳራዎች በስድሳ እጥፍ ይለያያሉ። ስለዚህ መረቡን ፍጹም ማድረግ ቢቻል እንኳ ለነርሷ የሚተርፋት በቀን ዘጠኝ ንባብ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሊያሳስበን የሚገባው 0.46 በመቶ የሚለው ቁጥር ነው። ይህ ሰው መሣሪያው ታስሮለታል፤ መልእክቱም በመረቡ ላይ በሰላም ይጓዛል፤ ነገር ግን ከሁለት መቶ ንባብ አንዱ እንኳ በቅጡ አልተለካለትም። በሌላ አነጋገር አልታየም። የመረቡን ጤንነት ብቻ የሚያሳይ ሰሌዳ ቢኖር ኖሮ በዚህ ሰው ስም ፊት አረንጓዴ መብራት ይበራ ነበር።

የልኬቱ መበላሸት ምክንያት ምንድን ነው? ፐልስ ኦክሲሜትር ቀይና ከቀይ በታች የሆነ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ፣ ደም በየምቱ ሲሞላና ሲጎድል የሚፈጠረውን የብርሃን ለውጥ ያነባል። ጣት ሲንቀሳቀስ ለውጡ ከደሙ ይሁን ከእንቅስቃሴው መለየት ያዳግተዋል። ጣት ሲቀዘቅዝ ወደ ቆዳው የሚደርሰው ደም ስለሚቀንስ ምልክቱ ይደክማል። መሣሪያው ሲላላ ወይም ሲወልቅ ደግሞ የሚያነበው ነገር የለም። የሴንት ሉዊሱ ጥናት እንዳሳየው አብዛኞቹ ክሽፈቶች ለአጭር ጊዜ ቆይተው የሚያልፉ ናቸው፤ ረጃጅሞቹ ግን ከመውለቅ የመጡ ነበሩ። አጥኚዎቹ ልኬቱን ደጋግሞ በመውሰድና ዳሳሹ ሲወልቅ ነርሷን በሚጠራ ማስጠንቀቂያ አስተማማኝነቱን በጉልህ ማሻሻል እንደሚቻል አመልክተዋል። ለአንጋፋዋ ተንከባካቢ ጥያቄ የተሰጠ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

4. የጠፋው መረጃ በአጋጣሚ አይጠፋም

ከላይ የተጠቀሱትን ምክንያቶች ደግመን ብናያቸው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር እናገኛለን። ጣታቸው የሚቀዘቅዘው እነማን ናቸው? የደም ግፊታቸው የወረደ፣ ልባቸው የደከመ ሰዎች ናቸው። ሌሊት የሚወራጩትና መሣሪያውን ነቅለው የሚጥሉት እነማን ናቸው? በኢንፌክሽን ወይም በኦክስጅን ማነስ ምክንያት አእምሯቸው የተረበሸ አረጋውያን ከነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። እንግዲህ ንባቡ የመጥፋት ዕድሉ የሚጨምረው ሰውየው ሲታመም ነው። በስታቲስቲክስ ቋንቋ የጎደለው መረጃ በዘፈቀደ የጎደለ አይደለም።

ይህ በመረጃ አያያዝ ላይ ያለው ውጤት ቀጥተኛ ነው። ብዙ ጥናቶች የጎደሉ ንባቦችን በፊትና በኋላ ካሉት ንባቦች አማካይ ይሞላሉ፤ ወይም ጭራሹን ከትንተናው ያወጧቸዋል። ሁለቱም መንገዶች ጸጥታን እንደ ደኅንነት ይቆጥራሉ። አንዳንድ የማሳያ ሰሌዳዎች ደግሞ የመጨረሻውን ጥሩ ንባብ አዲስ እስኪመጣ ድረስ ባለበት ያቆዩታል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በሰሌዳው የሚታየው 94 ከስድስት ሰዓት ጀምሮ የቆመ 94 ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በዚህ አቅራቢ እምነት ሥርዓቱ ለተንከባካቢዋ የሚልከው ነገር ሦስት ዓይነት መሆን አለበት፤ ሦስቱም ሲታዩ የማይምታቱ ይሁኑ። አንደኛው ልኬቱ ከነተወሰደበት ሰዓትና ከነጥራቱ ነው። ሁለተኛው «መሣሪያው አለ፣ ሰውየውን ግን አያየውም» የሚል ነው። ሦስተኛው «መሣሪያው ራሱ ጠፍቷል» የሚል ነው፤ ለዚህም እያንዳንዱ ዳሳሽ የሚለካው ባይኖረው እንኳ በየጊዜው «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት መላክ ይኖርበታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከአንድ ቀይ መብራት በስተጀርባ ሲደባለቁ ተንከባካቢዋ ወደ አልጋው ትሂድ ወይስ ጥገና ትጥራ አታውቅም።

5. መውደቅ፦ ከፍራሽ ላይ የተማርነው

የመጦሪያ ሌሊት ሁለተኛው ፍርሃት መውደቅ ነው። በወገብ ወይም በደረት ላይ የሚታሰር አክስለሮሜትር የፍጥነት ለውጥን ስለሚለካ ድንገተኛ ግጭትንና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የሰውነት አግድሞሽ በማየት ሰው መውደቁን ሊገምት ይችላል። በጽሑፎች ላይ ከ90 በመቶ በላይ ትክክለኛነት ሲነገር ማንበብ የተለመደ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ሙከራዎች የተደረጉት ወጣትና ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ለስላሳ ፍራሽ ላይ ሆን ብለው ሲወድቁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ጥናት 13 የታወቁ አልጎሪዝሞችን ወስዶ በእውነት በደረሱ 29 ውድቀቶች ላይ ፈተናቸው። መውደቅን የመለየት አቅማቸው በአማካይ 57 በመቶ ሆነ፤ ምርጡ 82.8 በመቶ ላይ ቆመ። ከመቶ ውድቀት አርባ ሦስቱ ሳይታዩ ቀሩ ማለት ነው። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። አረጋዊ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ዛፍ አይወድቅም። የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይንበረከካል፣ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለል ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው መውደቅ ግጭቱ ትንሽ ቢሆንም ሰውየው መነሣት አቅቶት እስኪነጋ ወለል ላይ ከተኛ ውጤቱ ከባድ ነው።

ይኸው ጥናት በሦስት ሰዎች የአንድ ቀን መረጃ ላይ የተመዘገቡት የሐሰት ማስጠንቀቂያዎች እንደ አልጎሪዝሙ ከ3 እስከ 85 እንደሚደርሱ አሳይቷል። ይህን 40 አልጋ ወዳለው መጦሪያ ብናመጣውና ለአንድ ሰው በቀን 3 ብቻ ብንል፣ ተንከባካቢዋ በቀን 120 ጊዜ፣ ማለትም በየ12 ደቂቃው በከንቱ ትጠራለች። 85 ብንል በየ25 ሰከንዱ ይሆናል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ ግን ማንም ሰው ለምን መሣሪያውን አጥፍቶ እንደሚተኛ ለማስረዳት ይበቃል።

6. ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ሰው ዘንድ ነው

የማስጠንቀቂያ ብዛት ጆሮን ያደነዝዛል፤ ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ለጤና ተቋማት ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ድረስ ከማስጠንቀቂያ ድምፅ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ሪፖርት እንደተደረጉለትና ከእነዚህ 80ዎቹ በሞት እንዳለቁ ገልጿል። ማሳሰቢያው ከድምፆቹ ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ምንም ሕክምናዊ እርምጃ የማያስፈልጋቸው እንደሆኑም ይጠቅሳል። የሞቱት ሰዎች መሣሪያ ሳይኖራቸው የሞቱ አይደሉም። መሣሪያው እየጮኸላቸው ነበር፤ ወይም ድምፁ ተቀንሶ፣ ገደቡ ተዛብቶ፣ ወይም ሰሚ አጥቶ ነበር።

በዚህ ምክንያት የመውለቅ ማስጠንቀቂያን ወዲያውኑ መላክ ብልህነት አይደለም። ክሽፈቶቹ በአብዛኛው አጫጭር ከሆኑ ጥቂት መጠበቅ ብዙውን የከንቱ ጥሪ ያስቀራል። ለምሳሌ 15 ደቂቃ ቢጠበቅ ሰውየው ጣቱን ሲያንቀሳቅስ የጠፋው ንባብ በራሱ ይመለሳል፤ በእውነት የወለቀው ብቻ ይቀራል። የሚጠበቀው ጊዜ ስንት ይሁን የሚለው የኢንጂነር ብቻ ውሳኔ መሆን የለበትም። በሌሊት ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የትኛው ነዋሪ አሥራ አምስት ደቂቃ መታገሥ እንደማይችል የሚያውቁት ተንከባካቢዎቹ ናቸው።

7. ከገላ የወረደ ዳሳሽ

ችግሩ ያለው ዳሳሹ ገላን በሚነካበት ቦታ ከሆነ፣ ገላን የማይነካ ዳሳሽስ? በሚዙሪ ግዛት በኮሎምቢያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተውና ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ጋር የሚሠራው «ታይገርፕሌስ» የአረጋውያን መኖሪያ ይህን መንገድ ተከትሏል። ነዋሪው የሚለብሰው ወይም ባትሪ የሚሞላው ነገር የለም። በክፍሎቹ ውስጥ የእንቅስቃሴ ዳሳሾች ተሰቅለዋል፤ ከፍራሹ ሥር የልብ ምትን፣ የትንፋሽንና የመገላበጥን ሁኔታ የሚያነብ ዳሳሽ ተነጥፏል፤ የአካሄድ ፍጥነትን ደግሞ የሰውየውን ጥላ ብቻ የሚያዩ የጥልቀት ካሜራዎች ይለካሉ።

እዚህ ላይ የሚለወጠው ጥያቄው ነው። የጣት መሣሪያ «አሁን ስንት ነው?» ይላል። የፍራሽና የግድግዳ ዳሳሽ ግን «ከባለፈው ሳምንት ምን ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዲት እናት በሌሊት ሁለቴ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄዱ ከነበሩና በዚህ ሳምንት ስድስት ጊዜ መሄድ ከጀመሩ፣ ትኩሳት ሳይታይ በፊት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን እንደሚችል ነርሷ ትጠረጥራለች። የታይገርፕሌስ ቡድን ይህንኑ ዓይነት ለውጥ አስቀድሞ ስለመለየት ጽፏል። ማስጠንቀቂያዎቹ ወደ ነርሶቹ ይላኩና ነርሶቹ እያንዳንዱ ለሕክምና ምን ያህል እንደጠቀማቸው ይመዝኑታል፤ ምዘናው ተመልሶ አልጎሪዝሙን ያርማል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ንጽጽር ዳሳሽ ባለባቸው ክፍሎች የሚኖሩ አረጋውያን ዳሳሽ ከሌላቸው ይልቅ በመኖሪያው 1.7 ዓመት ያህል ረዝመው ቆይተዋል። ሁለቱ ቡድኖች በዕጣ የተከፈሉ ባለመሆናቸው ልዩነቱን በሙሉ ለዳሳሹ መስጠት አይቻልም፤ በዚያ ቤት ዳሳሹ ብቻውን አልነበረም፣ የሚያነብለት ነርስ ነበረው።

የፍራሽ ዳሳሽም ጉድለት አለው። ሰውየው ከአልጋ ሲወርድ አያየውም፤ የኦክስጅንን መጠንም አይለካም። ድንገት ለሚደርስ ነገር እንጂ ቀስ ብሎ ለሚመጣ ነገር ተስማሚ አይደለም ብሎ የሚከራከር ቢኖር ግን ነገሩን ገልብጦታል፤ ጠንካራ ጎኑ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው፣ በመጦሪያ ውስጥም አብዛኛው ሕመም የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው።

8. ወደ እኛ ሁኔታ ስንመጣ

በኢትዮጵያ አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በቤቱ፣ በልጆቹና በዘመዶቹ ነው፤ ተቋማቱ ጥቂቶች ሲሆኑ አብዛኞቹ በበጎ አድራጎት የቆሙ ናቸው። ያም ሆኖ ከላይ ያሉት ውጤቶች እንዳሉ ወደዚህ ሊገለበጡ አይችሉም።

መጀመሪያ የገደብ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በዝቅተኛ ቦታ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተቀመጠ የኦክስጅን ገደብ እዚህ ያለ ምክንያት ሊጮህ ይችላል። «ታዲያ ገደቡን ዝቅ እናድርገው» እንዳንል ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአንትሮፖሎጂ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክቶ አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸውን 95.3 በመቶ አግኝቶታል፤ በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይርቅ ነው። እንግዲህ በመጦሪያው ውስጥ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ሰዎች የተለያየ መነሻ ሊኖራቸው ይችላል፤ የሚያዋጣው ለእያንዳንዱ ነዋሪ በደኅናው ጊዜ የራሱን መነሻ ለክቶ መያዝ ነው።

የቆዳ ቀለምም አለ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ፐልስ ኦክሲሜትር ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየባቸው ጊዜያት በደም ሥር ደም ሲለካ ኦክስጅኑ ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር ሕሙማን 11.7 በመቶ፣ በነጭ ሕሙማን 3.6 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። መሣሪያው በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ የመናገር ዝንባሌ አለው ማለት ነው። ከውጭ የሚገባን ዳሳሽ በሀገር ውስጥ ሕሙማን ላይ ሳይፈትሹ በሥራ ላይ ማዋል እንግዲህ የቴክኒክ ስንፍና ብቻ አይደለም።

የመብራት መቋረጥ ደግሞ የሴንት ሉዊሱን ንድፍ ከሥሩ ይነካዋል። የሕሙሙ ዳሳሽ ባትሪ ሊቆጥብ የሚችለው አቀባባይ ጣቢያዎቹ ከግድግዳ መብራት እየወሰዱ ሳይተኙ ስለሚያዳምጡለት ነው። መብራት ሲጠፋ ዳሳሹ በሕይወት አለ፤ የሚሰማው ግን የለም። ለአቀባባዮቹ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ማስገባት በቀደመው ስሌት አምስት ቀን ያህል ያቆያቸዋል፤ ለአንድ ሌሊት መቋረጥ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ኮምፒውተሩና ዋይፋዩ ላይ ነው። ሁለቱ ተደምረው 5 ዋት ብቻ የሚወስዱ ቢሆኑ እንኳ፣ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ የተለመደ ባትሪ እስከ ግማሹ ብቻ ቢራገፍ ስምንት ሰዓት ያህል ያስኬዳቸዋል። አንድ ሌሊት መሆኑ ነው። ለዚህ ባትሪ በጀት ያልያዘ ፕሮጀክት ክትትል አለኝ ባይል ይሻለዋል።

በመጨረሻ የፈቃድ ጉዳይ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ጋር ይመድበዋል። ከሕጉ በፊት ግን አልጋው ላይ ያለው ሰው አለ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አባት መሣሪያውን ከጣታቸው ደጋግመው ሲያወልቁ ድርጊታቸውን «የዳሳሽ መቋረጥ» ብለን በመዝገብ ላይ እንጽፈዋለን። እምቢታም ሊሆን ይችላል። በያዝሁት የመመረቂያ ሥራ ንድፍ ላይ በዚህ ምክንያት አንድ ደንብ ተጨምሯል፦ አንድ ነዋሪ በአንድ ሌሊት መሣሪያውን ሦስት ጊዜ ካወለቀ አራተኛ ጊዜ አይታሰርበትም፤ በነጋታው ከቤተሰቡና ከተንከባካቢዎቹ ጋር ተነጋግሮ የፍራሽ ዳሳሽ ይነጠፍለታል፣ ይህም ካልተወደደ እንደ ቀድሞው በእጅ ይጎበኛል። የሥራው ዋና መለኪያም የደረሰ መልእክት ብዛት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው የሚታመን ንባብ የነበረበት የደቂቃ ብዛት ነው። በሪፖርቱ ቀድሞ የሚጻፈው አማካዩ አይሆንም፤ ከሁሉ ያነሰ የታየው ሰው ቁጥር ነው።